ከራስጌ የተሣለው ወንዝ

ሴትዮዋ ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ሌላው ሰው ሲቆጣ ሰፈሩ ይሰማል፤ እሷ ስትቆጣ ግን አጠገቧ የተቀመጠው ራሱ ጆሮውን ማስጠጋት አለበት። ስለዚህ በዚያ ጠዋት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ "እሺ፣ እንሂድና እንየው" ብላ በሹክሹክታ ስትናገር፣ ባሏ ሠዓሊው የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ አቀረቀረ። ጫማው ክር አልነበረውም።

የቤቱ እንጀራ የግድግዳ ሥዕል ነው። ለሱቅ፣ ለጸጉር ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ብቻ ባዶ ግድግዳ ላስጠላው ሁሉ ይሠራሉ። እሱ ይሥላል፤ እሷ ትጠይቃለች። መጠየቅ ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ፣ እሷ ስትጠይቅ አላየም ማለት ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ከሱቄ በር በላይ ትልቅ መቀስ ይሣልልኝ ብሎ መጣ እንበል። ባሏ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሲያወርድ እሷ ትጀምራለች። "ደንበኞችህ ከላይ ነው የሚመጡት ከታች? ከሰዓት ፀሐይ በየት በኩል ይመታሃል? በርህ ፊት መኪና ይቆማል? የምትሰፋው አዲስ ነው ወይስ ማጥበብና ማሳጠር ይበዛል?" ሰውዬው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያልበዋል፣ በመጨረሻ ግን በሩ ፊት ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ስለሚገተር፣ እዚያ ላይ የተሣለ መቀስ ከሾፌሩ በቀር ማንም እንደማያየው ራሱ ይደርስበታል። መቀሱ ወደ ጎን ግድግዳ ይዞራል። ደንበኛ ይበዛል። ሰውም፣ "የሠዓሊው እጅ ይባረክ!" ይላል። አፏ ይባረክ ያለ እስካሁን አልተገኘም።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቦት አመስግኖ አይሄድም። የስፖርት ቤት ያለው አንድ ጡንቸኛ፣ "ግድግዳ ላስቀባ መጣሁ እንጂ ቃሌን ልሰጥ አልመጣሁም!" ብሎ በሩን ወርውሮት ወጥቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ የባሏ ታናሽ ወንድም ስም አወጣላት፤ መርማሪዋ። ይህ ወንድም መሰላል ይሸከማል፣ ቀለም ይበጠብጣል፤ ማነህ ሲሉት ግን ሥራ አስኪያጅ ነኝ ይላል። ሰፈሩም ስሙን ወደደው። ዳቦ ለመግዛት ስትሄድ እንኳ ባለሱቁ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ "እኔ አልሰረቅኩም!" ይላታል። ትስቃለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ አትስቅም።

የሆስፒታሉን ሥራ ሳይነግሯት ነው የያዙት። ሁለቱ ወንድማማቾች "መጋዘን እየቀባን ነው" እያሉ ለሳምንታት ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቀው ገቡ። የትኛው መጋዘን ነው አረንጓዴ የሚቀባው ብላ አስባ ነበር፤ ነገር ግን በሰው ሁሉ ፊት መርማሪዋ መርማሪዋ ሲሏት ስለሰነበቱ፣ በእልህ ዝም አለች። ሥራው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእራት ላይ ነገሯት።

"ያለ አንድ ጥያቄ!" አለ ወንድምየው፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። "እውነቴን ነው እትዬ፣ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅንም። ዳይሬክተሩ 'የሚያረጋጋ ነገር ሥሩልን' አለ፣ ወንዝ ሠራን፣ አለቀ። ሰውዬው በደስታ ሊያብድ ነው።"

ባሏ ደግሞ ሳህኑን እያየ፣ "የቀሩትንም ክፍሎች ሊሰጡን ነው" አለ። "የዓመት ሥራ ነው። እና እኔ እንዳሰብኩት፣ ከእንግዲህ ደንበኛ ማነጋገሩን እሱ ይያዘው። አንቺም ትንሽ እረፊ።"

እረፊ! ከሥራዋ ሲያባርሯት እንኳ እንደ ስጦታ ጠቅልለው ነው። ደሟ ፈላ፤ ግን ያልታየ ሥዕል ስለማይሰደብ እስኪነጋ ጠበቀች።

ክፍሉ ያለጊዜያቸው እንዳይወልዱ ተብሎ ከአልጋ እንዳይነሡ የታዘዙ እርጉዞች የሚተኙበት ነው። አንዳንዷ ለወራት ትተኛለች። መርማሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ባለችበት ቀረች። ወንዙ ከበሩ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ረጅሙን ግድግዳ ሞልቶ ይፈሳል። ጥልቀት በሌለበት ቦታ ጠጠሩ ይታያል፣ ጥልቀት ባለበት ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይከብዳል። ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ዳር ዳሩን ሱፍ አበባ ቆሟል፤ አንዱ አበባ እንኳ ሌላውን አይመስልም። ባሏ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። አለመውደድ አቃታት፤ ይሄኔ ነው አንጀቷ ይበልጥ ያረረው። ያለ እኔ ይሄን ሠራ!

ቀጥላ ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

አልጋዎቹ በሙሉ ራስጌያቸውን ወንዙ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ሴቶቹ አናታቸውን ለውሃው ሰጥተው በፊት ለፊታቸው የሚያዩት አንድ ግራጫ የብረት ቁም ሳጥን፣ አንድ የእጅ መታጠቢያና "ጸጥታ ይከበር" የሚል ወረቀት ነው። አንዲት ነርስ የጎማ ቱቦ እየጎተተች መጣችና ጫፉን አንዱ ሱፍ አበባ መሃል ላይ ጨቅ አድርጋ ሰካችው። አበባው ፍሽሽ አለ።

"የአበባዎቹ መሃል ምንድን ነው?" አለች መርማሪዋ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

"የነሐስ ቀዳዳ ነገር ነበር" አለ ወንድምየው በኩራት። "ክፍሉ ባዶ፣ አልጋዎቹ ኮሪደር ላይ ላስቲክ ለብሰው ተደርድረው ነበር። ቀዳዳዎቹን በወረቀት ሸፍነን ልናልፋቸው ስንል ወንድሜ 'ቆይ፣ አበባ እናድርጋቸው' አለ። ጭንቅላት እኮ ነው!"

"የኦክስጅን መስመር ነው" አለች ነርሷ ቀና ሳትል። "የበሽተኛ ራስ እዚያ ስር ካልሆነ ምን ያደርጋል?"

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። የእሷ ባል ደጃዝማችነቱ ቢቀርበት ግድ አልነበራትም፤ ሰው ግን እያንዳንዱ አልጋ የሚቆምበትን ቦታ በጣቱ ነክቶ፣ ዙሪያውን ቅጠል ሥሎለት ያልፋል?

"ባለወንዞቹ መጡ እንዴ?" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ ጥግ ተሰማ። ሆዷ ብርድ ልብሱን እንደ ድንኳን የወጠረው ሴት ናት። ለመዞር አልሞከረችም። "ጋሼ፣ ሠዓሊው አንተ ነህ?"

"አዎ የኔ እህት" አለ ባሏ ደስ ብሎት። "እንዴት አየሽው?"

"በዚህ።" ከትራሷ ስር የፊት መስታወት አውጥታ ወደ ላይ ያዘችው። "አንድ አበባና አንድ የዳክዬ ጅራት ይገባል። ልጠይቅህ ነበር፣ ዳክዬው ሙሉ ነው ወይስ ጅራት ብቻ ነው የሣልከው?"

የአጠገቧ ሴት ሆዷን ይዛ፣ "እባክሽ አታስቂኝ፣ እንዳትስቂ ተብያለሁ!" አለች።

"እኔ አልሳቅኩም" አለች ባለመስታወቷ። ድምጿ በአንዴ ሌላ ሆነ። "ይሄ ወንዝ ከመጣ ወዲህ እኔን የሚያየኝ ሰው የለም። ሐኪሙ እግሬ ስር ይቆምና ከጭንቅላቴ በላይ እያየ 'ዛሬስ እንዴት ነሽ?' ይላል። ወንዙ ደህና ነኝ ቢለው ይሻል ነበር! ባሌም ያው ነው፤ እያወራሁት ዓይኑ ዳክዬ ይቆጥራል። እናቴ ደግሞ 'ታድለሽ፣ ምን የመሰለ ቦታ ተኝተሻል' ብላኝ ሄደች። ምን የመሰለ ቦታ! እኔ ጧትና ማታ የማየው ያንን ቁም ሳጥን ነው።"



"አልጋዎቹ ይዙሩ!" አለ ወንድምየው።

"ኦክስጅኑን ማን ያዞርልኛል፣ አንተ?" አለች ነርሷ።

በዚህ መሃል የዳይሬክተሩ ረዳት ስልኩን እንደያዘ ገባ፤ ሠዓሊውንም ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገው። "ጎብኚው ሁሉ እዚህ እየቆመ ፎቶ ይነሣል! ዳይሬክተሩ እጅግ ነው የተደሰቱት። ሰኞ ቀጣዩን ክፍል ጀምሩ። ያው ወንዝ፣ ያው አበባ፣ ምንም እንዳይለወጥ።" ፎቶውን አንሥቶ ወጣ። ባነሣው ፎቶ ላይ ሴቶቹ ከአፍንጫቸው በታች ተቆርጠው ቀርተው ነበር።

"አየሽ እትዬ?" አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ ባሏን በእጅጌው ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደችው።

"አልጋ" አለች። "አልጋው የት ይቆማል የሚል አንድ ጥያቄ። ለሆስፒታል ክፍል! ምን የሚተኛበት መስሎህ ነበር፣ ግመል?"

"ይኸው ጀመርሽ!"

"አልጀመርኩም። ብጀምርማ ወንዙ ቦታው ላይ ይውል ነበር።"

"አንቺ ብትመጪ ወንዙ ራሱ አይኖርም ነበር!" ብሎ ጮኸ። ደረጃው አስተጋባ፤ ከታች አንድ ሰው ቀና ብሎ አየ። "የራስሽን ጥያቄ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው! ሰውዬው አፉን ሲከፍት አንቺ መልሱን አጉርሰሽዋል። ከዚያ ወደ እኔ ትዞሪና 'ይሄን እዚህ፣ ያንን እዚያ' ትያለሽ። ብሩሼን ሳላነሣ ሥዕሉ አልቋል! እኔ ምንድን ነኝ? ቀለም የሚነክር እጅ ነኝ። ለልብስ ሰፊው ጥያቄ አለሽ፣ ለዳቦ ቤቱ ጥያቄ አለሽ፣ ለአላፊ አግዳሚው ጥያቄ አለሽ። እኔን አንድ ቀን 'አንተስ ምን ይታይሃል?' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

መልስ ፈለገች። ለዓመታት የሠሩትን ግድግዳ ሁሉ በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረች፤ አንድም አላገኘችም። ይህ ደግሞ ከወንዙም፣ ከመጋዘኑ ውሸትም፣ ከ"እረፊ"ም በላይ አናደዳት። ሰው ሲበድልህ መናደድ ቀላል ነው፤ የበደለህ ሰው ልክ ሲሆን ነው ንዴቱ ማረፊያ የሚያጣው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ!"

"እናንተ ልጆች፣ እግራችሁን" አሉ ወለል የሚያጥቡት እናት፣ መወልወያውን በመሃላቸው እያሳለፉ። ሁለቱም እግራቸውን አንሥተው እንደ ዶሮ በአንድ እግር ቆሙ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ወለወሉ፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ጠቡን የሚያበርድ ነገር ነበር፤ እሷ ግን እንዲበርድ አልፈቀደችለትም።

"ስማ" አለችው። "የእኔን ጥፋት ቤት ገብተን እንፈታዋለን። ጥፋት ነው፣ አልካድኩም። የእኔ ጥፋት ግን እነዚያን ሴቶች ቁም ሳጥን ላይ አያስፈጥጣቸውም። ግባና ጠይቃት። እኔ አልጠይቅልህም። ሥራውን ለወንድምህ ሰጥተኸው የለ? ወይ እሱ ይጠይቅ።"

ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ጆሮውን አቁሞ ነበር። "እኔ መሰላሉን ልይ" አለና ጠፋ።

ሠዓሊው ተመልሶ ገባ። እሷ በሩ ላይ ቆመች። ሰውዬው በባለመስታወቷ አልጋ እግርጌ እንደ ተማሪ ቆመ፤ ዓይኑ ወደ ወንዙ ሲሄድበት በግድ መለሰው።

"ወንዙ... ቆንጆ ነው አይደል?"

"ለሚያየው።"

"እሺ፣ ምን ልሣልልሽ?"

"እኔ ምን አውቄ? ሐኪሙ የትኛውን መርፌ ልውጋሽ ይለኛል?"

በሩ ላይ የቆመችው ሴት ምላሷን ነከሰች። ጥያቄዎቹ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ታክሲ ጠባቂ ተሰልፈው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በየት በኩል እንድትተኚ ነው የተፈቀደልሽ? ቀና ማለት ትችያለሽ? እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብትወረውርለት! አልወረወረችም።

ሠዓሊው ጫማውን አወለቀ። አንደኛው አልጋ ባዶ ነበር፤ የተኛችበት ሴት ጧት ለመውለድ ሄዳለች። ወደዚያ ሲያመራ ነርሷ "አንሶላው!" ብላ ሳትጨርስ ዞሮ ወለሉ ላይ፣ በሁለት አልጋዎች መሃል በጀርባው ተዘረጋ። ረጅም ሰው ነው፤ እግሩ መተላለፊያውን ዘጋው። ብዙ ቆየ። ዓይኑን አጨነቆረ፣ በእጁ ከለለ፣ ራሱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረ።

"ይሄ አምፖል ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

ሁሉም ባንዴ አፋቸውን ከፈቱ።

"ተመስገን! ሰው አየው!"

"ሻሽ ዓይኔ ላይ ጥዬ ነው የምውለው!"

"ዓይኔን ስጨፍን ራሱ ቀይ ነው የሚታየኝ" አለች ባለመስታወቷ፤ ንዴቷ ወደ ለቅሶ ሊዞር ምንም አልቀረውም። "ሥዕል ማን ጠየቀህ? ያንን አምፖል አንሡልኝ ብዬ ለስንቱ ተናገርኩ! ገንዘብ የለም አሉኝ። ለዳክዬ አለ!"

ሠዓሊው ከወለሉ አልተነሣም። ያ የሠራው ወንዝ፣ ያ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ፣ አንድ የአምፖል መሸፈኛ ያህል እንዳልጠቀመ ሲሰማ ጉንጩ ላይ ያለው ጅማት ይዘላል። ሚስቱ አየችው። አዘነችለት፤ በማዘኗም ተናደደች።

"ሲጠፋስ?" አለ ቀስ ብሎ። "መብራቱ ሲጠፋ ምን ይታያችኋል?"

በሩ አጠገብ ያለችው፣ እስካሁን ትንፍሽ ያላለችው ልጅ እግር ሴት ተናገረች።

"በበሩ ስር የኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። ሰው ሲያልፍ ጥላው ይቆርጠዋል። እኔ በአረማመዱ ነው የምለየው፤ ነርሷ ትሁን፣ ባሌ ይሁን። ዝም ብሎ ያለፈ እንደሆነ... ያልፋል።"

ባለመስታወቷ መስታወቱን ደረቷ ላይ ደፋችው። "እኔ ደግሞ እኔ ብቻ መስሎኝ" አለች።

ሠዓሊው ሌላ አልጠየቀም። ሲነሣ ጀርባው አቧራ ለብሷል፤ በካልሲው ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ የዳይሬክተሩን ረዳት አስቆመው።

"ሰኞ አልጀምርም። መጀመሪያ አልጋዎቹን አስገቡ። ሴቶቹ ይግቡ፣ ይተኙበት። እኛ መጥተን እናነጋግራቸዋለን። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ።"

"ሰው የተኛበት ክፍል ቀለም ልትቀባ? ሽታውን ማን ይችለዋል፣ እርጉዞች ናቸው እኮ!"

"ለመቀባት አላልኩም፣ ለመጠየቅ ነው ያልኩት። ስንቀባ ደግሞ በተራ ይዛወራሉ።"

"ዳይሬክተሩ የወደዱትን ሥራ አንተ ጠላኸው?" ረዳቱ ካልሲውን አየ። "ያው ወንዝ ነው የታዘዘው። ካልሆነ ሠዓሊ ሞልቷል።"

"ይሙላ። የመጣው ሁሉ አልጋ የት ነው የሚቆመው ብሎ ካልጠየቃችሁ፣ እንዳታስገቡት።"

ረዳቱ ለዳይሬክተሩ እነግራለሁ ብሎ ሄደ። ወንድምየው ከተደበቀበት ብቅ አለና ራሱን ያዘ። "የዓመት ሥራ! የዓመት ሥራ በካልሲ ተባረረ! እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው!"

"እኔ አንድ ቃል ተናግሬያለሁ?"

"ዝምታሽ ነው የባሰው!"

"አንተ አርፈህ መሰላልህን ተሸከም" አለው ታላቁ። "ደንበኛ የማነጋገሩን ነገር ትናንት ያልኩትን ተወው።" ይህን ሲል ግን ሚስቱን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

"እኔን አይተህ ንገረኝ" አለችው።

አያት። "ተሳስቼ ነበር።"

"ያቺን 'እረፊ' የምትለዋን ደግሞ ሁለተኛ አልስማት። ደክሞኛል አላልኩህም።"

"እሺ።"

እሺታው በቂ አልነበረም። መጋዘኑ ገና አለ፤ በሰው ፊት የተሳቀባት ገና አለ። ይሁንና ነርሷ አምፖሉን ልታስጠፋ እየተጣደፈች ስታልፍ፣ "ከፈለጋችሁ ቀጣዩ ክፍል ክፍት ነው፣ ሳይቆልፉት እዩት" አለቻቸውና ሁለቱ ገቡ።

ባዶ ክፍል ነው። አራት ነጭ ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ የተደረደሩ የነሐስ ቀዳዳዎች። እሷ ገና ከበሩ አየችው፤ ጣራው አልጋዎቹ ሲገቡ እግርጌያቸው በሚሆንበት በኩል ዝቅ ብሎ ይወርዳል፣ ከተኛ ሰው ዓይን ፊት ለፊት የሚውለው እዚያ ነው፣ ቀለሙ መቅለል አለበት፣ አምፖሉ ወደ ጎን መሄድ አለበት። ሁሉም ተደርድሮ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሥራው ይሰጣቸው አይሰጣቸው እንኳ ገና አልታወቀም፤ እሷ ግን በሐሳቧ ጨርሳዋለች።

ባሏን አየችው። በካልሲው ክፍሉ መሃል ቆሟል፤ ጫማውን እዚያው ረስቶታል። ልትሰድበው ትችላለች፤ የሚያሰድብ ነገር ገና ሞልቷል።

"አንተስ" አለችው። "አንተስ ምን ይታይሃል?"

ወደ ጣራው ቀና አለ። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ።

"እኔ እንጃ" አለ። "ገና ነው።"

መልሱን ታውቀዋለች። ልትነግረው ትችላለች፤ ሁለት ቃል ብትናገር ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ከንፈሯን ገጠመች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች፣ እንደተናደደች ጠበቀችው።